የዌብ ዲዛይን ሥልጠና ልትመዘገቡ ነው? ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እዩ

«በ3 ወር ፕሮፌሽናል ዌብ ዲዛይነር ይሁኑ! ሰርተፍኬት አለው! ሥራ እናስቀጥራለን! ቅናሹ እስከ ዓርብ ብቻ!»

ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው እንዲህ ዓይነት ፖስተር ሳያይ ሳምንት አያልፈውም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የጨረሰው፣ ተመርቆ ሥራ ያጣው፣ ደመወዙ አልበቃ ያለው፣ ሁሉም «እስቲ ኮምፒውተር ነክ ነገር ልማር» የሚልበት ወቅት ነው።

ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ያለ ፖስተር አምኖ ተመዝግቦ ነበር። የት እንደሆነ አንናገርም። የከፈለውን ብር የላከችለት ዱባይ የምትሠራው እህቱ ናት። ሦስት ወር ሙሉ ድሪምዊቨር በሚባለው ሶፍትዌር በሠንጠረዥ ገጽ መደርደር ተማረ፤ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ደግሞ የፍላሽ አኒሜሽን። ፍላሽ! አዶቤ ራሱ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ጀምሮ ድጋፉን ያቋረጠበት፣ ዛሬ ምንም ብሮውዘር የማይከፍተው ቴክኖሎጂ። ሰርተፍኬቱን በላስቲክ አስደርጎ አንድ ድርጅት ለፈተና ሄደ። «ይኼን የፊግማ ዲዛይን በስልክም በኮምፒውተርም በደንብ የሚታይ ገጽ አድርገህ አምጣ» አሉት። ፊግማ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ሰርተፍኬቱንማ አሳየን ያለውም የለም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው። እኛ የደረስንበት መመዘኛ አንድ ነው፦ ሥልጠናውን ስትጨርሱ፣ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ ሊያየው የሚችል፣ እናንተ ራሳችሁ የሠራችሁት ዌብሳይት ኢንተርኔት ላይ ይኖራል ወይ? የሚኖር ከሆነ ሥልጠናው ሥልጠና ነው። ካልሆነ የወረቀት ሽያጭ ነው። ደስ የሚለው ነገር ይህን ሳትከፍሉ በፊት ማጣራት ይቻላል።

▪️ መጀመሪያ ግን፣ የምትፈልጉት የትኛውን ነው?

ፖስተሩ ላይ «ዌብ ዲዛይን» ተብሎ የሚጻፈው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ሥራ ነው። ገጹ ምን እንደሚመስል፣ ተጠቃሚው የት ተጭኖ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ዲዛይነሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፊግማ ላይ ይሠራል። ያንን ዲዛይን በኮድ ጽፎ ብሮውዘር ላይ የሚያሳየው ፍሮንት ኤንድ ይባላል። ከጀርባ ሆኖ ዳታቤዙን፣ ክፍያውን፣ መግቢያ ፓስወርዱን የሚያስተዳድረው ደግሞ ባክ ኤንድ ነው። የቤት ፕላን የሚሠራው፣ ግድግዳውን የሚገነባውና ቧንቧ የሚዘረጋው አንድ ሰው እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው።

እርግጥ እኛ አገር ትንንሽ ቢሮዎች ሦስቱንም የሚሠራ አንድ ሰው ነው የሚፈልጉት። ፎቶሾፕ የሚችል፣ የቢሮውን ቲክቶክ የሚያስተዳድር፣ ፕሪንተር ሲበላሽም የሚጠገንለት ቢሆን ደግሞ ደስታቸው ነው። ስለዚህ ሥዕል የምትወዱ ከሆነ በዲዛይኑ፣ ነገር ፈታቶ መግጠም የምትወዱ ከሆነ በኮዱ በኩል ግቡ፤ ግን ከሌላው ወገን ቢያንስ መግባባት የሚያስችላችሁን ያህል መማር ግዴታ ነው። ኮድ ፈጽሞ የማያውቅ ዲዛይነር የማይሠራ ነገር ይስላል።

አንድ ቀላል የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ኢትዮጆብስና አፍሪወርክ ላይ ገብታችሁ «ዌብ» የሚል ቃል ያለባቸውን 20 የሥራ ማስታወቂያዎች አንብቡ። እያንዳንዱ የጠየቀውን ክህሎት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ የተደጋገመውን ቁጠሩ። ያ ዝርዝር ከማንኛውም ማሠልጠኛ ብሮሹር ይበልጣል፤ ምክንያቱም ደመወዝ የሚከፍለው ሰው የጻፈው ነው። ከዚያ በኋላ የሥልጠናውን የትምህርት ዝርዝር ከጎኑ አስቀምጣችሁ አነጻጽሩ።

▪️ የትምህርት ዝርዝሩን አምጡ በሏቸው

«ኮርስ አውትላይኑን ላኩልኝ» ስትሏቸው «ስትመዘገብ ታየዋለህ» የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ እዚያው ላይ ተሰናበቱ።

ከላኩላችሁ ምን ትፈልጋላችሁ? ሦስቱን መሠረት። ኤችቲኤምኤል የገጹ አጥንት ነው፤ ቲም በርነርስ ሊ የመጀመሪያውን ዌብሳይት በስዊዘርላንዱ ሰርን ውስጥ ሲሠራ (ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው) የተጠቀመበት እሱን ነው። ሲኤስኤስ ቀለሙን፣ ፊደሉን፣ አቀማመጡን የሚወስነው ነው፤ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ጃቫስክሪፕት ገጹ ሲነካ ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ እሱም የ1995 ልጅ ነው። ከእነዚህ ወዲህ ስንት ሶፍትዌር መጣ፣ ስንቱ ሄደ! ሦስቱ ግን አሁንም አሉ። ስለዚህ ከጊዜው ግማሽ በላይ በእነሱ ላይ የማያጠፋ ሥልጠና መሠረት ሳይቆፍር ጣሪያ የሚሠራ ነው።

ከዚያ ወረድ ብላችሁ እነዚህን ቃላት ፈልጉ፦ ሪስፖንሲቭ ዲዛይን (ገጹ በትንሽ ስልክም በትልቅ ስክሪንም ራሱን እንዲያስተካክል ማድረግ)፣ ፍሌክስቦክስና ግሪድ፣ ጊትና ጊትሃብ፣ ፊግማ፣ ሆስቲንግና ዶሜይን። ሪስፖንሲቭ የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢታን ማርኮት ስም ካወጣለት ወዲህ የሙያው ሀሁ ሆኗል። ግሪድም ከ2017 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ላይ ይሠራል። እነዚህ አዲስ ነገሮች አይደሉም፤ «ገና እናስገባቸዋለን» የሚል ማሠልጠኛ በጣም ዘግይቷል።

በተቃራኒው ፍላሽ፣ በሠንጠረዥ ገጽ መደርደር፣ «ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ማስተካከል» (ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ላይ ጡረታ አውጥቶታል) የሚሉ ካያችሁ ማስታወሻው ለዓመታት ያልተነካ ነው። አዶቤ ኤክስዲን ብቻ የሚያስተምሩም አሉ፤ አዶቤ ራሱ አዲስ ነገር አልጨምርበትም ካለ ቆይቷል።

ዎርድፕረስስ? እሱን አትናቁት። ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለአስጎብኚ ድርጅት ቶሎ ሠርቶ ብር ለማግኘትም ምቹ ነው። ችግሩ «ዌብ ዲዛይን» ብሎ አስመዝግቦ ዎርድፕረስ ላይ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ጭኖ፣ ፎቶ ቀይሮ፣ ጨረስን የሚለው ነው። ያንን ዛሬ ኤአይ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል። ኤአዩ የሠራውን አይቶ «ይኼ ቦታ ተሳስቷል» ብሎ የሚያርመው ሰው ነው የሚፈለገው፤ ለዚያ ደግሞ መሠረቱ ያስፈልጋል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት፤ 72 ሰዓት ነው። መብራት የጠፋበትን፣ በዓል የዋለበትን፣ መምህሩ የዘገየበትን ቀንሱ፤ 60 ሰዓት ከተረፈ ጥሩ ነው። ፍሪኮድካምፕ የሚባለው ነፃ የትምህርት ድርጅት ለሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን ክፍሉ ብቻ ለዓመታት 300 ሰዓት ገደማ ብሎ ይገምት ነበር። ስለዚህ የ3 ወሩ ሥልጠና ውሸት ነው ማለታችን አይደለም፤ ጅምር ነው። ቀሪውን ሰዓት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። «3 ወር» ሲሏችሁ ሁሌም «በጠቅላላው ስንት ሰዓት? ከዚያ ውስጥ እኔ ራሴ ኪቦርድ ላይ የምቀመጠው ስንቱን ነው? አንድ ኮምፒውተር ለስንት ሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

▪️ ሳትከፍሉ በስልካችሁ የምትፈትኗቸው

ይኼ ክፍል ለኛ ዋናው ነው። የሚያስፈልጋችሁ በእጃችሁ ያለው ስልክና ትንሽ ዳታ ብቻ ነው።

የማሠልጠኛውን የራሱን ዌብሳይት ክፈቱ። ዋይፋይ ላይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ። ጽሑፉ ሳታሰፉት ይነበባል? ገጹ ወደ ጎን ይንሸራተታል? «ይመዝገቡ» የሚለው በተን በአውራ ጣት ይነካል ወይስ ሦስት ጊዜ ያስሞክራል? ነጭ ጀርባ ላይ ግራጫ ፊደል ጽፈው ዓይናችሁን ያጨናንቃሉ? (ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመዘኛ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል።) ዌብሳይት ጭራሽ የሌለው የዌብ ዲዛይን ማሠልጠኛም አጋጥሞናል። ፀጉር አስተካካይ ራሱ ሳይላጭ ቢያዩት ምን ይላሉ!

ቀጥሎ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለውን የጉግል ነፃ መፈተሻ ፈልጉና የዌብሳይታቸውን አድራሻ አስገቡ። ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። 90 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፣ ከ50 እስከ 89 መሻሻል ያለበት፣ ከ50 በታች ደካማ። የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት ይላል ጉግል። ነጥቡ ዝቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ከስልክ የተነሣ ብዙ ሜጋ ባይት የሚመዝን ፎቶ ሳይቀነስ እንዳለ ተጭኗል። ፎቶ አሳንሶ መጫን የመጀመሪያ ወር ትምህርት ነው። መምህራኑ በራሳቸው ገጽ ላይ ካላደረጉት ለእናንተ አያስተምሯችሁም። በካርድ የተሞላ ዳታ የሚጠቀም ደንበኛ ባለበት አገር ደግሞ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ገጹ እስኪከፈት ብሩ ያልቃል።

ከዚያ ይህን መልእክት ላኩላቸው፦ «ባለፈው ዙር የተመረቁ ሦስት ተማሪዎች የሠሯቸውን ዌብሳይቶች ሊንክ ላኩልኝ።» ስክሪንሾት አይቆጠርም፣ ሊንክ ነው። ጊትሃብ ፔጅስ ወይም ኔትሊፋይ ላይ ገጽን በነፃ መጫን ስለሚቻል «ሆስቲንግ ውድ ሆኖ ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም። ሦስቱም ገጽ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ስሙና ቀለሙ ብቻ ከተለወጠ፣ ተማሪዎቹ መምህሩን እየገለበጡ ነው የወጡት።

የመምህሩንም ሥራ ጠይቁ። ዲግሪውን ሳይሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት የሠራውን። በመጨረሻም አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ እንድትታዘቡ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ገብታችሁ መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን ተመልከቱ። ኮዳቸው እምቢ ሲል ምን ያደርጋሉ? ጉግል ያደርጋሉ፣ ስህተቱን ያነባሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ? ወይስ እጃቸውን አጣጥፈው መምህሩ መጥቶ እስኪጽፍላቸው ይጠብቃሉ? የሁለተኛው ዓይነት ክፍል ውስጥ አትግቡ።

▪️ «ሥራ እናስቀጥራለን»

ይህ ቃል የኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ያለ ዘመድ «ቡትካምፕ ግባ» እያለ የሚመክራችሁ፣ ይህን ስሙ። ብሉምቴክ (ቀድሞ ላምዳ ስኩል ይባል የነበረው) የኮድ ማሠልጠኛ ከተማሪዎቹ እስከ 86 በመቶው ሥራ ያገኛል እያለ ያስተዋውቅ ነበር። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ላይ እርምጃ ሲወስድበት የገለጸው ሌላ ነው፦ ድርጅቱ ለባለሀብቶቹ ይነግር የነበረው ቁጥር ወደ 50 በመቶ የቀረበ፣ አንዳንዴም እስከ 30 የወረደ ነበር። ኃላፊው አንድ ዙር 100 በመቶ ሥራ አገኘ ብሎ ትዊት አድርጎ፣ በኋላ በግል መልእክት ያመነው ደግሞ በዚያ ዙር የተቆጠረው ተማሪ አንድ ብቻ እንደነበር ነው። አንድ ሰው!

ስለዚህ «90 በመቶ ተማሪዎቻችን ተቀጥረዋል» ስትባሉ «ከስንት ሰው? በስንት ወር ውስጥ? በዌብ ሥራ ነው ወይስ በማንኛውም ሥራ? ሁለቱን ማነጋገር እችላለሁ?» በሉ። በጥያቄው የሚቆጣ ሰው መልሱን ነግሯችኋል።

▪️ በነፃ ያለውንስ?

ብዙ አለ፣ ጥራቱም አያሳፍርም። መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ያስጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም በዩዳሲቲ በኩል የሚሰጥ ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርቱን በነፃ ወስዳችሁ ሰርተፍኬት ታገኛላችሁ። «ኮድ ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም?» ለሚል ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። እሱን ብቻ ጨርሶ ግን ዌብ ዲዛይነር ነኝ ማለት አይቻልም።

ፍሪኮድካምፕ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያለ ነው። ብሮውዘር ውስጥ ኮድ እየጻፋችሁ ደረጃ በደረጃ ያስኬዳችኋል፣ በየምዕራፉ መጨረሻም ራሳችሁ የምትሠሩት ፕሮጀክት አለ። ኦዲን ፕሮጀክት ጠበቅ ይላል፤ ጊትን ከመጀመሪያው ያስለምዳችኋል፣ ሰርተፍኬት የለውም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኦዲን ተራውን ዊንዶውስ አይደግፍም፤ ሊኑክስ ጫኑ ይላችኋል። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ይህ እንዲያውም ሊጠቅማችሁ ይችላል፣ ሊኑክስ ቀለል ይላልና። ለዲዛይኑ ወገን ኮርሴራ ላይ የጉግል ዩኤክስ ዲዛይን ትምህርት አለ፤ ክፍያው ከከበዳችሁ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ይቻላል። ትምህርቶቹን ስትማሩ ግራ የገባችሁን ለማየት ደግሞ የሞዚላው ኤምዲኤን የሚባለው ማብራሪያ ከጎናችሁ ክፍት ይሁን።

ታዲያ ነፃ ካለ ለምን ይከፈላል? እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ሰው ነፃውን ጀምሮ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይተወዋል። እኛም ትተን እናውቃለን። እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ የሚጠይቁት ሰው የለም፣ ነገ ይደርሳል ይባላል። ጥሩ ማሠልጠኛ የሚሸጣችሁ መረጃ አይደለም፤ ሰኞ ማታ «የት አደረስከው?» የሚላችሁን ሰው ነው። ያንን ከሁለት ጓደኛ ጋር ተቧድናችሁ ማግኘት ከቻላችሁ ብራችሁን አስቀምጡት። ካልቻላችሁ ክፈሉ፣ አያሳፍርም።

የኛ ምክር፦ ሳትመዘገቡ በፊት ነፃውን አንድ ወር ሞክሩ። በቀን አንድ ሰዓት። ከወሩ በኋላ አሁንም ከወደዳችሁት፣ የምትከፍሉበት ክፍል ውስጥ ከሌሎች ቀድማችሁ ትገባላችሁ። ካልወደዳችሁት ደግሞ የ3 ወር ብር ተረፈ።

▪️ ላፕቶፕ ወይስ ሥልጠና?

በስልክ ብቻ ይቻላል ወይ የሚለው እዚህ ገጽ ላይ የምታነቡ ሰዎች ሁሉ ጥያቄ ነው። መጀመር ይቻላል። ሶሎለርን በስልክ ይሠራል፤ አንድሮይድ ላይ ኮድ የሚጻፍባቸው እንደ አኮድ ያሉ አፖችም አሉ። ኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስን መጀመሪያ በዚህ መማር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን አይገፋም። ፊግማ ላይ በጣት ዲዛይን መሥራት፣ ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ከፍቶ ማነጻጸር፣ ብሮውዘሩ ውስጥ ስህተት መፈለግ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ስለዚህ ያላችሁ ብር ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ላፕቶፑን ግዙ። ዩዝድ ይበቃል። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ካለው ቪኤስ ኮድንም፣ ብሮውዘሩንም፣ ፊግማንም ይሸከማል። ኤስኤስዲ የሌለውን አትግዙ፣ በትዕግሥታችሁ ትከፍላላችሁ። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነቅላችሁ ፈትሹ፤ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ላፕቶፕ ላፕቶፕ አይባልም። ሥልጠና ገብቶ ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ክፍል ውስጥ ያየውን እስከሚቀጥለው ክፍል ይረሳዋል።

▪️ የውጭው ኮርስ የማያስተምራችሁ

የአገር ውስጥ ማሠልጠኛ ብሩን የሚያገኝበት ቦታ እዚህ ነው፤ ለዚህም ነው እነዚህን ጠይቃችሁ የምትመዝኑት።

ፊደላችን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዛሬም ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ በዚያ የተተየበ ዶክመንት አለ። ደንበኛው «ይኼን ዌብሳይቱ ላይ ጫነው» ብሎ ይልክላችኋል፤ ኮፒ ስታደርጉት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ይሆናል። ይህ ለምን እንደሚሆንና እንዴት ወደ ዩኒኮድ እንደሚቀየር የማያውቅ ዲዛይነር የመጀመሪያው ሥራው ላይ ይሸማቀቃል። በተጨማሪ ፊደላችን ሰፋና ከፍ ያለ ነው። ለእንግሊዝኛ የተለካ በተን ውስጥ የአማርኛው ቃል አይገባም፣ ለእንግሊዝኛ የተለካው የመስመር ክፍተትም ያጨናንቀዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነፃ ፎንት ገጹ ላይ መጫንን፣ ገጹ በአማርኛ መሆኑንም በኮዱ ውስጥ ማሳወቅን ያስተምራሉ?

ቀን መቁጠሪያ። ብሮውዘሩ ራሱ የሚሰጠው የቀን መምረጫ የፈረንጅ ቀን ነው። «የልደት ቀን» የሚል ፎርም ስትሠሩ እናታችሁ ምን ብለው ይሞሉታል? ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ መምህር የአገሩን ሥራ ሠርቶ ያውቃል ማለት ነው።

ክፍያ። የውጭ ኮርሶች በሙሉ ስትራይፕና ፔይፓል ነው የሚያሳዩት። የእናንተ ደንበኛ የሚፈልገው ደግሞ ቴሌብር ነው፣ ወይም በቻፓ በኩል የባንክ ክፍያ። አንድ የሙከራ ግብይት እንኳ ክፍል ውስጥ ያሠሯችኋል?

ዶሜይንና ሆስቲንግ። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን አድራሻ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ዶት ኮም ግን በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚታደስ ሆስቲንግ ስንቱን ደንበኛ እንዳስደነገጠ የሠራ ያውቀዋል። ለደንበኛ ዋጋ ስትነግሩ የዓመቱን እድሳት ማን እንደሚከፍል አብሮ መጻፍ የሚያስተምር ማሠልጠኛ ካገኛችሁ፣ ያዙት። ዲዛይን ከማስተማር ያልተናነሰ ነገር ነው ያስተማራችሁ።

▪️ ወረቀቱስ?

ወረቀት ጨርሶ አይጠቅምም አላልንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ከፈለጋችሁ መንገዱ ሌላ ነው፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኩል ዌብ ዴቨሎፕመንትና ዳታቤዝ አስተዳደር በደረጃ ተምራችሁ የሲኦሲ ምዘና ማለፍ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ የሚያስተምሩት ነገርም ከገበያው ወደኋላ ሊል ይችላል፤ ግን ቅጥር ላይ ደረጃው ይቆጠራል። ማሠልጠኛው «ሰርተፍኬታችን በመንግሥት የታወቀ ነው» ካለ የፈቃዱን ኮፒ አይታችሁ፣ የሰጠው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ፣ ፈቃዱም ለየትኛው ሥልጠና እንደሆነ አንብቡ። ለኮምፒውተር ጥገና የተሰጠ ፈቃድ ይዘው ዌብ ዲዛይን የሚያስተምሩ አሉ።

ለግል ድርጅትና ለፍሪላንስ ከሆነ ግን የሚያዩት ሊንካችሁን ነው። ሦስት ገጽ ይበቃል፦ አንድ ለእውነተኛ ሰው የተሠራ (የጎረቤት ዳቦ ቤት፣ የአጎታችሁ ጋራዥ)፣ አንድ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚነበብ፣ አንድ ፎርም ወይም ክፍያ ያለበት።

▪️ ልትከፍሉ ስትሉ

ሙሉውን አንዴ አትክፈሉ፤ በወር ከፋፍሉ። በደረሰኝ ይሁን። ከተቋሙ ስም ውጪ በግለሰብ አካውንት አስገቡ ካሏችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ከማቋረጣችሁ በፊት ስንት እንደሚመለስላችሁ፣ መምህሩ ቢለቅ ማን እንደሚተካ በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ በቴሌግራም የተጻፈም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡት። «ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል» ለሚለው አትደንግጡ። ያ ፖስተር በሚቀጥለው ሳምንትም አለ፤ እኛ አንዱን ስንከታተለው ቅናሹ ከመስከረም እስከ ግንቦት አላበቃም።

የኛ ልጅስ ምን ሆነ? ፍላሹን ረስቶ፣ ከእህቱ በተበደረው ዩዝድ ላፕቶፕ ከፍሪኮድካምፕ ጀመረ። ስምንት ወር ፈጀበት። የመጀመሪያ ደንበኛው የሰፈራችን የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ነበሩ። ገጹን በስልካቸው ሲያዩት መጀመሪያ ያሉት «ፊደሉን ትንሽ አተልቀው፣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» ነው። አተለቀው።